የተሰፋችው እናት

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ አንዲት መስኮት ብቻ ያላት የስፌት ክፍል ነበረች። መስኮቷ ከጣሪያው ሥር ስለተሠራች በእሷ በኩል የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ የዕድሜዋን ግማሽ የኖረችው እዚያ ነው። የተቀደደ አንሶላ ትጥፋለች፣ የቀዶ ጥገና ጋዋን ማሰሪያ ትተክላለች፣ የትራስ ልብስ ትዘመዝማለች። ሰው የምታውቀው በጫማው ነበር። የአስተዳደሩ ኃላፊ ጥቁር ጫማ በመስኮቱ ሲያልፍ ካየች፣ ሰውየው ወደ ምድር ቤት ይውረዱም አይውረዱ፣ ከወንበሯ ተነሥታ ትቆማለች።

ፈሪ ነበረች። ይህን የነገረችን ራሷ ናት፤ ስለ ራሷ ሲጠይቋት መጀመሪያ ከአፏ የሚወጣው ይኸው ነው። አሳንሰር ትፈራለች፤ ስድስተኛ ፎቅ አንሶላ አድርሺ ከተባለች ክምሩን አቅፋ በደረጃ ትወጣለች። በጠራራ ፀሐይ የሚጮህ ስልክ ትፈራለች። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ትፈራለች፣ ውስጡ የደስታ መግለጫም ቢሆን። ከሁሉ በላይ የምትፈራውን ግን ለረጅም ጊዜ አልነገረችንም።

የምትኖረው ከታላቅ ወንድሟ ጋር ነበር። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ እሷ ገና ጥርሷን የምትነቅል ልጅ ነበረች፤ እሳቸው ደግሞ ጢማቸው ያቀመቀመ ወጣት። አሳደጓት፣ አስተማሯት፣ ሥራ አስገቧት። ሳያገቡ ቀሩ። በአንድ የግንባታ ዕቃ መጋዘን ንብረት ክፍል ይሠሩ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ከቡናማ ካፖርታቸው ኪስ እስክሪብቶ የማይጠፋ ሰው። እሷ «ወንድም ጋሼ» ትላቸዋለች፤ አንቱታዋም ከልጅነቷ ጀምሮ ነው።

ወንድም ጋሼ አይጮኹም። ዝም ይላሉ። አንድ ቀን ጠዋት ሻይ ሲቀርብላቸው «እግዜር ይስጥልኝ» ሳይሉ ከቀሩ ተጀመረ ማለት ነው። ከዚያ ለሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ከቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ ይጠፋል። ይበላሉ፣ ይወጣሉ፣ ይገባሉ፣ ዓይናቸው ግን እሷ ላይ አያርፍም። እሷ የሠራችውን ሁሉ ወደ ኋላ ትፈትሻለች። በሩን ጮክ አድርጌ ዘግቼው ይሆን? ሾርባው ቀዝቅዞ ይሆን? ከጎረቤት ጋር ቆሜ ስስቅ ሰምተውኝ ይሆን? ቤቱ የእሳቸው ነው። ሌላ ዘመድ የላትም። አንድ ቀን ዝምታቸውን ሲጨርሱ «ውጪልኝ» የሚል ቃል የሚወጣ ይመስላታል፤ ያን ቃል ከልጅነቷ ጀምሮ ስትጠብቀው ኖራለች።

እኛ ዘንድ የመጣችው የመታወቂያዋን ቅጂ ልታስነሣ ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር፤ ባለቤቱን ሁሉም «ጋሽ ኮፒ» ይላቸዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ደንበኛ ሲቀንስ ከጓዳው ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበን ዚን እንሠራ ነበር። ዚን የምንላት በእጅ የተጻፈች፣ በእጅ የተሣለች፣ በፎቶ ኮፒ የተባዛችና ታጥፋ የተያያዘች ትንሽ መጽሔት ናት። አሳታሚ የላትም፣ አራሚ የላትም፣ የጸሐፊ ስም የለባትም። ፀጉር አስተካካዩ ስለ ደንበኞቹ ማጅራት ይሠራ ነበር። ፋርማሲስቷ ሰዎች መድኃኒት ሲገዙ በሹክሹክታ የሚሉትን ትሰበስብ ነበር። እኔም የራሴ ነበረኝ፤ ዛሬ ባየው የማፍርበት ይመስለኛል።

ያን ቀን ስቴፕለሯ እምቢ ብላን ነበር። አጭር ስለሆነች ከጠርዙ እንጂ ከእጥፋቱ መሐል አትደርስም።

«አትደርስም» አሉ ጋሽ ኮፒ አገላብጠው እያዩዋት። «እንደ እኔው ናት፣ ክንዷ አጥሯል።»

«መሰፋት ይችላል እኮ» የሚል ድምፅ ከበሩ ተሰማ።

ሁላችንም ዞርን። መታወቂያዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ የያዘች ሴት ቆማለች።

«ምን አልሽ የኔ ልጅ?»

«ምንም» አለችና ልትሄድ ዞረች።

«ኧረ ነይ፣ አንበላሽም» አለች ፋርማሲስቷ። «እኛ የምንበላው ወረቀት ብቻ ነው።»

ገባች። ከቦርሳዋ ወስፌ አወጣች፣ እጥፋቱን ሦስት ቦታ በሳችው፣ ክሩን ከመሐል አስገብታ በላይና በታች አዙራ በመሐሉ መልሳ ቋጠረችው። ስትጨርስ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች።

«ከዛሬ ጀምሮ ሲስተር መርፌ ነሽ» አላት ፀጉር አስተካካዩ።

«ሲስተር አይደለሁም። ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«ሆስፒታል ትሠሪያለሽ፣ መርፌ ይዘሻል፣ ሰው ደግሞ አንቺን አይቶ አይሸሽም። ከእውነተኞቹ ትበልጫለሽ እንጂ አታንሺም።»

ሣቀች፤ አፏን በእጇ ሸፍና። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣች። ለወንድም ጋሼ «ቅዳሜ ተረኛ ሆኛለሁ» ብላ እንደነበር ያወቅነው በኋላ ነው።

ለብዙ ጊዜ የሰውን ብቻ ትሰፋ ነበር። የራስሽንስ መቼ ነው ስንላት «እኔ ምን አለኝ» ትላለች። ፋርማሲስቷ ናት የገፋፋቻት። «ምንም የለኝም የምትይ ከሆነ የምትፈሪውን ጻፊ። እሱ እንኳ እንዳለሽ እናውቃለን።» ቀልድ ነበር። እሷ ግን ቀልዱን ቤት ይዛው ሄደች፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም «የምፈራቸው» የምትል ዚን ይዛ መጣች። በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ፍርሃትና አንዲት ትንሽ ሥዕል። «አሳንሰር፦ ሲዘጋ ሐሳቡን የሚቀይር አይመስልም።» «ስልክ፦ ጥሩ ወሬ በእግሩ ነው የሚመጣው።» አንብበን እስክንፈርስ ሣቅን። እሷ ስንስቅ እያየች ፊቷ ቀላ።

የማናውቀው አንድ ገጽ ነበር።

እኛ ጋ መጀመሪያ በእጅ የተሠራችው፣ ሌሎቹ የሚባዙባት፣ «እናት» ትባላለች። ቅጂዎቹ ልጆች ናቸው። እናት አትሰፋም። ገጾቿ አንድ በአንድ በማሽኑ መስታወት ላይ ስለሚተኙ በአግራፍ ብቻ ተይዛ ትቀመጣለች፤ ልጆቹ ናቸው የሚሰፉት። በዚህ እናትና ልጅ አይምታቱም።

በእሷ እናት መካከል ላይ እንዲህ የሚል ገጽ ነበር፦ «ወንድም ጋሼን እፈራቸዋለሁ። መትተውኝ አያውቁም። ሰድበውኝ አያውቁም። ዝም ይላሉ። ዝም ሲሉ ቤቱ ውስጥ አየር ያልቃል። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ መልሱንም እፈራለሁ።» ከሥሩ አንድ ወንበር ሥላለች፣ ጀርባውን የሰጠ ወንበር።

ጽፋው መቅደድ አልቻለችም፣ ማባዛትም አልቻለችም። ስለዚህ ቅጂ ስታስነሣ በላዩ ላይ ውሻ የተሣለበት ወረቀት በትንሽ ኮላ ለጠፈችበት፦ «ውሻ፦ ባለቤቱ አይነክስም ሲል ይብስብኛል።» ልጆቹ ሁሉ ውሻውን ይዘው ወጡ። ከዚያ ውሻውን ላጠችው። እናቲቱ ከነወንድም ጋሼ ቀረች።

ከዚያም ሰፋቻት። ይህን ስህተት ከሷ በቀር ማንም አይሠራውም። ሆስፒታል ሲቀጥሯት መጀመሪያ የነገሯት ጠርዙ ያልተዘመዘመ ጨርቅ ክሩ ተመዞ ቁስል ውስጥ ይገባል የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ ክፍት ጠርዝ ከጠረጴዛዋ ወጥቶ አያውቅም። እጇ ሳያማክራት እናቲቱን በሳ፣ አሰረ፣ ቋጠረ፤ ከልጆቹም ጋር ደረደራት።

በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ እንለዋወጥ ነበር። ሁሉም ዚኖቹን በካኪ ወረቀት ይጠቀልላል፣ ቅርጫት ውስጥ ይጨምራል፣ ፊቱን አዙሮ ያወጣል። ማን የማንን እንደወሰደ አይጠየቅም። አንብቦ የጨረሰ ደግሞ ሌላ ሰው የሚያገኘው ቦታ ትቶት ይሄዳል፤ አውቶቡስ ወንበር ላይ፣ ባንክ ወረፋ ዘንድ፣ የትም። ይህን ሕግ ያወጣነው ሰው ሳይፈራ እንዲጽፍ ብለን ነው።

ሰኞ ጠዋት በስፌት ክፍሏ እናቲቱ ናት ብላ ለብቻ ያስቀረቻትን አንድ ጥቅል ከፈተች። መካከሏን ገለጠች። ውሻው አያት።

መርፌ ጣቷን የወጋት መስሏት ጣቷን ማየቷን ነግራኛለች። ጣቷ ደህና ነው። አንሶላዎቹን አራገፈች፣ መሳቢያውን ገለበጠች፣ የክር ሣጥኗን መሬት ላይ ዘረገፈች። በመስኮቱ እግሮች ያልፋሉ። አንደኛው እግር ያቺን ዚን ያነበበ ሰው እግር ሊሆን ይችላል። ሰፈሩ ትንሽ ነው፤ በእጅ የተሣለውን ወንበር ቤታቸው የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ወንድም ጋሼ ደግሞ ከሰው ሁሉ በፊት ያውቁታል።

ማክሰኞ ማታ እሳቸው አንድ ነገር ይዘው ገቡ። በካኪ ወረቀት የተጠቀለለ፣ መዳፍ የሚያህል። ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ካፖርታቸውንም ሳያወልቁ ተቀመጡ።

«ቁጭ በይ» አሏት።

ቁጭ አለች።

«ክፈችው።»

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለ?»

ወረቀቱን ልትፈታ ሞከረች፤ ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። እሳቸው ትንሽ አይተዋት ወስደው ራሳቸው ፈቱት። የቧንቧ ራስ ነበር።

«ይንጠባጠባል ስትይ አልነበር? ከመጋዘን ለሠራተኛ በቅናሽ ሲሰጡ ወሰድኩ። እሑድ እቀይረዋለሁ።» ከዚያ አዩዋት። «ምን ሆነሻል? ብርድ ገባሽ እንዴ?»

«አዎ፣ ብርድ ነው።»

«እንግዲያው ጋቢ ነገር ልበሺ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ኮፒ ጓዳ ስትገባ ከንፈሯ ደርቆ ነበር። ሳትቀመጥ «የኔን ማን ነው የወሰደው?» አለች።

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አስቀመጠ። «ሲስተር፣ ይኼማ አይጠየቅም። አንድ ቀን ከጠየቅን ነገ ማንም አይጽፍም።»

«አውቃለሁ። ማን ነው የወሰደው?»

ጋሽ ኮፒ «ልጄ፣ ሕጉ…» ብለው ጀምረው የእሷን ፊት ሲያዩ ተዉት።

ወጣች። ፋርማሲስቷ ተከትላት መንገድ ላይ ደረሰችባት፤ እኔም ቦርሳዋን ረስታ ስለነበር ይዤላት ከኋላ ደረስኩ።

«እኔ ነኝ» አለች ፋርማሲስቷ። «ቆሜ ነው ያነበብኩት። ልቀመጥ እንኳ አልቻልኩም። አባቴን…»

«የት አለች?»

ፋርማሲስቷ ወደ መንገዱ አየች።

«የት አደረግሻት?»

«ተውኳት። እንደ ሁልጊዜው። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ፣ ግፊት የሚለኩ ሰዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ። ሰልፍ ነበር። ዞር ብዬ ሳይ የለችም።»

«ወንድም ጋሼ የግፊት ኪኒናቸውን የሚገዙት ካንቺ ዘንድ ነው።»

«የትኛው ናቸው?»

«ረጅም። ቡናማ ካፖርት። የማይናገሩ።»

«እህቴ፣ ስንቱ ነው የማይናገረው» አለች ፋርማሲስቷ ክንዷን ይዛ። «ወረቀቱን ሰጥቶኝ፣ ኪኒናውን ተቀብሎ፣ ቃል ሳይተነፍስ የሚወጣ በቀን ብታዪ። በምን ልለያቸው?»

እሷ ቦርሳዋን ከእጄ ተቀበለችና ሄደች። ከኋላዋ ስናያት ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ነበር የምትሄደው።

ያን ማታ ሻይ ስታቀርብ ወንድም ጋሼ «እግዜር ይስጥልኝ» አላሉም።

እንደዚያ ቀን የፈራችበትን ቀን እንደማታስታውስ ነግራኛለች። ዝምታው ያው ዝምታ ነበር። ዓይናቸው እንደ ወትሮው ከትከሻዋ በላይ ያልፋል። አንብበው ከሆነ ሌላ ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር? ምንም። አንብበው ካልሆነስ? እንደዚሁ። ይህን ያህል ዘመን ፊታቸውን ስታነብ ኖራ አሁን አንድ ፊደል እንኳ መለየት አቃታት። ጣሪያዋም፣ ያላት አንድ ሰውም፣ ሁሉም ከዚያ ከተዘጋ አፍ በስተጀርባ ነበር። ሻንጣዋን አውርዳ አቧራውን ጠረገች፤ መልሳ ሰቀለችው። የት ትሄዳለች?

እሑድ ጠዋት ወንድም ጋሼ መፍቻ ይዘው ማጠቢያው ሥር በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ጀርባቸው ብቻ ይታያል። ፊታቸውን ብታይ ኖሮ አትናገርም ነበር።

«ወንድም ጋሼ።»

መፍቻው መዞሩን ቀጠለ።

«ጽፌ ነበር። ስለ እርስዎ።»

መፍቻው ቆመ።

«ምን ብለሽ?» ድምፃቸው ሻካራ ነበር፣ እንደተዘጋ ቧንቧ።

«እንደምፈራዎት።»

ቀስ ብለው ወጡ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ርሷል። በፊታቸው ላይ የነበረው መደናገር ነው፤ ያኔ ገባት። አላነበቡም። ወረቀቷን አይተዋትም አያውቁም። ራሷን በራሷ አሳልፋ ሰጥታለች፤ ቃሉም አንዴ ከወጣ ወዲያ መመለሻ የለውም።

«ለማን ነው የጻፍሽው?»

«ለማንም። ለሰው። ቅዳሜ ተረኛ አይደለሁም፤ የምሄደው እዚያ ነው። ወረቀቷ ጠፍታለች። ማን እንዳነበባት አላውቅም።» ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አወጣችው፤ አንዱን አስቀርታ ለሌላ ቀን መፍራት ስላልቻለች።

ወንድም ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ አደረቁ፣ እያንዳንዱን ጣት ለየብቻ። ጠረጴዛው ዘንድ ሄደው ከካፖርታቸው እስክሪብቶ አውጥተው አስቀመጡላት።

«እንደገና ጻፊው። እዚህ። ያልሽውን ልየው።»

ተቀመጠች። እሳቸው ከኋላዋ ቆሙ። የትንፋሻቸው ድምፅ ይሰማታል። እዚያች ቅጽበት ላይ ሁሉንም ማለዘብ ትችል ነበር። «እፈራቸዋለሁ» በሚለው ፋንታ «አከብራቸዋለሁ» ብትል ያልቃል፤ የጠፋችውን ማንም ማምጣት አይችልም። እጇ ወረቀቱ ላይ ቆየ። ከዚያ እንዳለ ጻፈችው፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው። ወንበሩን ብቻ አልሣለችም፤ ተቀምጣበት ነበር።

ወንድም ጋሼ ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው አነበቡ። ጨርሰው ደገሙት። ጣታቸው ከታች አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«ጠይቄያቸው አላውቅም ትያለሽ።»

«አዎ።»

«ጠይቂኝ።»

በሩን አየች፤ ክፍት ነበር። «ለምንድን ነው ዝም የሚሉት?»

ወንድም ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ወረቀቱን አጥፈው መልሰው ዘረጉት።

«አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ይመጣብኛል። ሲመጣ አውቀዋለሁ፣ ጠዋት ስነሣ እዚህ ጋ ድንጋይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ።» ጉሮሯቸውን ነኩ። «እንዴት እንደሚወጣ ነው የማላውቀው። ትንሽ ልጅ ሆነሽ እንኳ ስታዪኝ አንድ ነገር ልልሽ እፈልግና አፌ እምቢ ይላል። ትለምጂዋለሽ ብዬ ነበር።»

«እና እኔ ያጠፋሁት…»

«አንቺ? አንቺ ምን አጠፋሽ?»

የጠየቁት ከልባቸው ነበር። መልስ ይጠብቁ ነበር። እሷ የምትነግራቸው የጥፋት ክምር ነበራት፣ ዓመታት የሰበሰበችው፤ አንዱንም ማንሣት አልቻለችም። እሳቸው ትንሽ ጠብቀው ተነሡና ወደ ቧንቧቸው ተመለሱ።

ይህን የነገረችኝ ከወራት በኋላ፣ በጋሽ ኮፒ ጓዳ፣ የኔን ዚን እየሰፋች ነው። ዛሬ ቤቱ የሞባይል መለዋወጫ ይሸጥበታል፤ ጓዳው ግን አሁንም የቀለም ሽታ ያለው ይመስለኛል። ቀለለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና አሰበች።

«ባሰብኝ» አለች። «ድሮ ጥፋቱ የኔ ነው እያልኩ ነበር የምኖረው። የኔ ከሆነ አስተካክለዋለሁ፤ ሾርባውን አሞቀዋለሁ፣ በሩን ቀስ ብዬ እዘጋዋለሁ። አሁን እኔ ካልሆንኩ ምኑን ይዤ ላስተካክለው? አንዳንዴ እሳቸው ከዚያ ውስጥ ሳይወጡ የሚቀሩ ይመስለኛል። ያንን ደግሞ ከዚህ በፊት ፈርቼው አላውቅም።»

ዝምታው ክረምት ሲገባ ተመለሰ። ጠዋት ሻይ አቀረበች፤ እሳቸው ብርጭቆውን ሳይነኩ መስኮት መስኮቱን አዩ። እግሯ እንደ ድሮው ወደ ጓዳ ሊወስዳት ፈለገ። በሩን ተደግፋ ቆመችና ድምፅዋን ፈልጋ አገኘችው።

«መጣ?» አለች።

ወንድም ጋሼ አልዞሩም። ጥቂት ቆይተው ግን ጭንቅላታቸውን አንዴ ወደ ታች አደረጉ።

ወንበር ወሰደች። ከሳቸው ራቅ አድርጋ፣ ለበሩ ቀረብ አድርጋ አኖረችው፤ ከቦርሳዋ ያልተሰፉ ዚኖች አውጥታም ጭኗ ላይ ዘረጋች። መርፌው ውስጥ ክር ለማስገባት ብዙ ጊዜ ፈጀባት።